ዶላር ስንት ገባ?

ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጉለሌ ውስጥ ስልክ ከጮኸ ከባሕር ማዶ ነው። እዚህ ያለ ሰው በዚያ ሰዓት አይደውልም፤ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲንገላታ የዋለ ሰው ራቱን ቀማምሶ ጎኑን ያሳርፋል። የሚደውሉት እነሱ ናቸው። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የእናታችን ጉልበት፣ የልጆቹ ትምህርት፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደች፣ ዝናቡ እንዴት ነው። ከዚያ መሀል ላይ ትንሽ ዝም ይባልና ያቺ ጥያቄ ትመጣለች። «እሺ... ዶላር ስንት ገባ?»

እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ዶላር እኔ ዘንድ የሚደርሰው ብር ሆኖ ነው። ባንኮቹ የዕለቱን ምንዛሪ ጠዋት ጠዋት ያወጣሉ፤ የሚጠይቀኝ ሰው ከእኔ ቀድሞ አይቶታል። የጎኑን፣ የጥቁር ገበያውንስ ዋጋ ቢሆን እኔ ከየት አውቀዋለሁ፣ ላኪው እሱ! ቁጥሩን ፈልጎ እንዳልሆነ ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም። የሚፈልገው ድምፄን ነው። ተማርሬ ከሆነ አንዱ ክርክሩ ላይ ነጥብ ይዞበት ይሄዳል፤ «ተመስገን፣ ደህና ነን» ካልኩ ደግሞ ሌላኛው ይዞበት ይሄዳል።

ሁለት ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአክስቴ ልጅ ለንደን ነው፤ ከእኔ ስለሚያንስ «እታለም» ይለኛል። ልጅ ሳሉ አንድ ፍራሽ ላይ የሚተኙ፣ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ድረስ አብረው ሽቅብ የሚሮጡ ነበሩ። አሁን ፊት ለፊት አይነጋገሩም። የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። «ለዚያ ሰው ንገሪው» ይለኛል አንዱ። «ያ ሰውዬ ደግሞ ምን አለ?» ይለኛል ሌላው። የሚጣሉት በቤት ውርስ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ተልኮ ይታረቁ ነበር። የሚጣሉት በብር የምንዛሪ ሥርዓት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የጉለሌ ሽማግሌ አልሠለጠነም።

ነገሩ የጠናው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ሰኞ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ከዛሬ ጀምሮ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ገበያው ይወስነው አለ። ያን ሰሞን አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ዕለት ንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ መግዛት ጀመረ፤ ነሐሴ ሳያልቅ 100 ብርን አለፈ። በዚያው ሰኞ የአይኤምኤፍ ቦርድ 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ፤ በማግስቱ የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን አከለበት። እኔ በዚያ ሳምንት አዲሱ ገበያ አካባቢ ከሱቅ ሱቅ ዘይት ስፈልግ ነው የዋልኩት። ትናንት ተደርድሮ ያየሁት ባለ አምስት ሊትር ዘይት ዛሬ «የለም፣ አልቋል» ሆኗል። ባለሱቁ ሲናገር ዓይኔን አያየኝም።

ማታ ሁለቱም ደወሉ። ወንድሜ «እንኳን ደስ አለሽ፤ ብር ትክክለኛ ዋጋውን አገኘ» አለኝ። ልጅ የተወለደልኝ ነበር የሚመስለው። እሱን ዘግቼ ትንፋሽ ሳልወስድ የአክስቴ ልጅ ደወለ። «እታለም፣ አገሪቱ ተሸጠች።» ድምፁ የልቅሶ ቤት ድምፅ ነው። አንዱ እንኳን ደስ ያለሽ፣ አንዱ እግዜር ያጽናሽ። «ዘይት አገኘሽ ወይ?» ያለኝ ግን የለም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው፤ እነሱ እንደሆኑ ሠርተውት አያውቁም። ወንድሜ ለእናታችን በየወሩ 200 ዶላር ይልካል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። በባንክ ቢልከው፣ በ57 ሒሳብ፣ 11,400 ብር ነው። እሱ ግን በባንክ አይልክም ነበር። ስንት ዓመት የላከው በጎን ነው፤ እዚያ ለአንድ ሰውዬ ይሰጣል፣ እዚህ አንድ የማናውቀው ልጅ ደውሎ «እማማን የት ላግኛቸው?» ይላል። የጎኑ ምንዛሪ ደግሞ ያኔውኑ ከ110 ብር አልፎ ነበር። በ110 እንኳ ብናስበው 22,000 ብር ነው። እንግዲህ ነሐሴ ላይ ባንኩ ተንደርድሮ 100ን ሲያልፍ፣ ለእናታችን የደረሳት አዲስ ነገር ምንድን ነው? ምንም። ድሮም ታገኘው የነበረውን ነው ያገኘችው። ዘይቱ ግን ሽቅብ ወጣ። ወንድሜ «ዶላሬ እኮ እጥፍ ሆነላችሁ» ይላል። የታጠፈው በባንክ ይልክ ለነበረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ደግሞ በእኛ ዘመድ ውስጥ አልነበረም።

የሚያስቀኝ ሌላም አለ። የአክስቴ ልጅም የሚልከው በጎን ነው። «ለዚህ መንግሥት ዶላር አላቀብልም» ይላል። ወንድሜ ደግሞ ሰንደቅ ዓላማ ሲያይ ዕንባው የሚመጣ ሰው ነው፤ ግን ምንዛሪው ስለሚሻል በጎን ይልክ ነበር። አንዱ በጥላቻ፣ አንዱ በሒሳብ፣ ሁለቱም በአንድ መንገድ ይገናኙ ነበር። ይህን ለሁለቱም ብነግራቸው ያን ጊዜ ብቻ ይስማማሉ፤ በእኔ ላይ።

የዚህ ክርክር ትልቁ ጣጣ ማስረጃው እኔ መሆኔ ነው። እኔ ብቻም አይደለሁም፤ ውጭ ዘመድ ያለው የጉለሌ ሰው ሁሉ ማስረጃ ነው። ጎረቤቴ እትዬ፣ ልጃቸው ሚኒያፖሊስ ያለው፣ ሽንኩርት በስንት እንደገዙ በየሳምንቱ ሪፖርት ያቀርባሉ። አንድ ቀን «እኔ እኮ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬያለሁ፣ ደመወዙ ግን አልመጣም» ብለው ሲያማርሩ ሰማኋቸው። ልጃቸው ዋጋው ከጨመረ በቁጣ፣ ካልጨመረ በጥርጣሬ ይጠይቃቸዋል። «እርግጠኛ ነሽ እማ? ከየት ነው የገዛሽው?»

ከየት ይገዛሉ፤ ከጉሊት ነው እንጂ። ጉሊትን ደግሞ ዲያስፖራው ረስቶታል። እዚያ ሽንኩርት በመደብ ነው የሚሸጠው። ሴትየዋ ጆንያ ላይ አራት አምስት ሽንኩርት ክምር አድርጋ ታስቀምጣለች፤ ክምሩ 20 ብር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስትሄጂ አሁንም 20 ብር ነው። ዋጋው አልጨመረም። ክምሩ ውስጥ ግን አንዷ ሽንኩርት የለችም፤ ከቀሩት ውስጥ ደግሞ አንዷ የሕፃን ቡጢ አታክልም። ሴትየዋ የምትሠራውን ታውቃለች፤ ትልቋን ከላይ፣ ትንሾቹን ከሥር አድርጋ ነው የምትከምረው። ስታነሺያት «አይ እህቴ፣ እሷን ካነሣሽብኝ መደቡ ይፈርሳል» ትልሻለች። ይህን ለወንድሜ በስልክ ላስረዳው ብሞክር «ታዲያ ዋጋው ጨመረ ወይስ አልጨመረም?» አለኝ።

እሱ ቁጥር ይወዳል። የዋጋ ንረቱ በ2015 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ፣ በ2017 መጨረሻ ላይ ወደ 13 በመቶ ግድም እንደወረደ ያነብልኛል። እውነቱን ነው፤ ወርዷል። የወረደው ግን የመጨመሪያው ፍጥነት እንጂ ዋጋው አይደለም። ትናንት እየሮጠ ይወጣ የነበረ ዛሬ እየተራመደ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው አይደለም፤ ሒሳብ ተምሯል። ግን «ወረደ» የሚለው ቃል ስልክ ላይ ደስ ይላል።

የአክስቴ ልጅም ቢሆን አይሻልም። ለእሱ የጤፉም፣ የበርበሬውም፣ የቲማቲሙም፣ የቤት ኪራዩም ጥፋት የዚያች ሰኞ ነው። ጦርነቱ የለም፣ የኮቪድ ጊዜ የለም፣ የዩክሬን ስንዴና ማዳበሪያ የለም፣ ከዚያ በፊት የነበረው 30 በመቶ የለም። ወንድሜ በተራው «ጤፍ ከውጭ አይመጣም፤ ከዶላር ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። ጤፍ እርግጥ ከውጭ አይመጣም፤ ማዳበሪያው ግን ይመጣል፣ የሚያመላልሰው መኪናና የሚቃጠለው ናፍጣ ይመጣል፣ የአይሱዙው ጎማም ይመጣል። ከዚያ ሁሉ በላይ ነጋዴው ዛሬ የሸጠውን ነገ በስንት እንደሚተካው አያውቅም፤ ስለዚህ የነገን ዋጋ ዛሬ ይጠይቅሻል። እነሱ ይህን ሁሉ ጥለው አንድ ምክንያት ይመርጣሉ፤ አንዱ ለመኮነን፣ አንዱ ለማመካኘት።

የብር መውደቅ አዲስ ነገር ቢሆን እንኳ ይቅር በተባለ። መስከረም 1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲዘል ያኔም ተከራክረን ነበር። በጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ ሲወርድም እንዲሁ። ልዩነቱ ያኔ የሚከራከሩት እዚሁ የሚኖሩ፣ በክርክሩ ማግስት ዘይት ለመግዛት የሚወጡ ሰዎች መሆናቸው ነው። የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን በኪሱ ያገኘዋል። አሁን ግን ብር በወደቀ ቁጥር የሚከራከረው ሰው ኪስ ይወፍራል። ወንድሜ ልክ ቢሆንም ዶላሩ ብዙ ብር ያመጣለታል፤ የአክስቴ ልጅ ልክ ቢሆንም ፓውንዱ ብዙ ብር ያመጣለታል። በየትኛውም በኩል ተሸናፊ የለም። ሁለቱም ወገን የማይሸነፍበት ክርክር ደግሞ ማብቂያ የለውም። እኔን ያደከመኝ እሱ ነው።

እዚህ ላይ የፈረንጆቹን ነገር ላንሣ፤ የአክስቴ ልጅ ራሱ ያመጣው ነውና።

እንግሊዞች ሰኔ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ አንውጣ ብለው ድምፅ ሰጡ። 51.9 በመቶው እንውጣ አለ። ፓውንዱ በዚያች ሌሊት ብቻ ከእ.ኤ.አ. 1985 ወዲህ ወዳልነበረበት ዋጋ ወረደ። የአክስቴ ልጅ ያኔ የእንግሊዝ ዜግነት ወስዶ ነበርና መርጧል። እንዴት መረጥክ ብለው «እንውጣ አልኩ» አለኝ። ከስደት ላይ ስደተኛ በዛ ብሎ! በሚሠራበት መጋዘን የፖላንድ ልጆች ብዙ ሰዓት ሥራ እየወሰዱበት ነበርና እነሱ እንዲቀንሱለት ነው። ከዚያ ወዲህ ላለፉት ዓመታት ኑሮ ተወደደ፣ አይብ ተወደደ፣ ቲማቲም ጠፋ እያለ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የበጀት ተንባይ መሥሪያ ቤት መውጣቱ የአገሪቱን ምርታማነት በረጅም ጊዜ 4 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል ብሎ ገምቷል። እነሱም እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ግማሹ ብሬግዚት ነው ይላል፣ ግማሹ ኮቪድ ነው፣ ዩክሬን ነው ይላል። የእኛው ክርክር ነው፤ ቋንቋው ብቻ ተለወጠ።

እኔ ታዲያ አንድ ቀን ለንደን ደውዬ «ፓውንድ ስንት ገባ? ለምን እንዲህ አደረጋችሁ?» ብዬ አላውቅም። ምን አገባኝ? የሱ ቲማቲም የሱ ነው።

ውጭ አገር ሆነው ስለ ብሬግዚት የሚከራከሩ እንግሊዞችም ሞልተዋል፤ ስፔን ባሕር ዳርቻ ጡረታቸውን የሚበሉ፣ ፈረንሳይ ገጠር ቤት የገዙ። ስማቸው በተነሣ ቁጥር «እነዚህም እንደኛዎቹ ናቸው» ብዬ ነበር የማልፈው። ነገሩን ሳየው ግን እንደኛዎቹ አይደሉም። ስፔን ያለው ሽማግሌ ጡረታው የሚመጣው በፓውንድ ነው፤ ወጪው በዩሮ ነው። ፓውንድ ሲወድቅ የእሱ እንጀራ ነው የሚቀንሰው። የሚጮኸው ስለ ራሱ ማዕድ ነው። ያውም ብዙዎቹ ድምፅ መስጠት እንኳ አልተፈቀደላቸውም፤ ከአገር ከወጡ 15 ዓመት ያለፋቸው አይመርጡም ይል ነበር ሕጉ። ሃሪ ሺንድለር የሚባል አንድ አዛውንት ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣልያን ዘምቶ የተዋጋ፣ በኋላም እዚያው ጣልያን የኖረ። ይህን የ15 ዓመት ሕግ በየፍርድ ቤቱ ሲከስ ኖረ፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ክሱን ውድቅ አደረገበት። ሕጉ በመጨረሻ ተሻረ፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን እ.ኤ.አ. ጥር 2024 ነው። ሽማግሌው ከዚያ በፊት፣ በ2023፣ በ101 ዓመቱ አረፈ። ለእንደዚህ ያለው ሰው ክርክር ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ ወይም እንደ ጉለሌ ሰው ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ።

የእኛዎቹም አይመርጡም፤ ዜግነት ለውጠዋል፣ ሁለት ዜግነት ደግሞ ሕጋችን አይፈቅድም። ያላቸው ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ድምፅ ስለሌላቸው ይመስለኛል እኛን የሚያዙን። በ2010 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዲያስፖራው በቀን አንድ አንድ ዶላር ስጡ ሲሉ ወንድሜ «ቡናዬን ትቼ ከፈልኩ» እያለ ስለ ትረስት ፈንዱ ይሰብከኝ ነበር፤ እኔም ትምህርት ቤት ለመምህራን እንድሰብክለት። ከዚያ በፊት ሐዋላ አትላኩ የሚል ዘመቻ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ያኔ በመርሕ ምክንያት ሁለት ወር ገንዘብ ሳይልክ ቀረ። መርሑ የሱ ነበር፤ የጾሙት የእሱ እናት ናቸው። ለገና 2014 አንድ ሚሊዮን ሰው አገሩ ይግባ ሲባል ወንድሜ መጣ፤ ደስ አለን፤ እንጦጦ ፓርክ ወጥቶ ፎቶ ተነሣ፤ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ለሚስቱ ቀሚስ ገዛ፤ ስለ አገሪቱ ኢኮኖሚ ዐሥር ቀን አስረዳን፤ ሄደ። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ አስወጣች፤ ዋሽንግተን ውስጥ የእኛው ሰዎች አንዱ አስወጧት እያለ፣ አንዱ አታስወጧት እያለ በየሰልፉ ጮኹ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ይሰፉ የነበሩትን ልጆች የጠየቃቸው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ሽሮ ሜዳን ካነሣሁ አይቀር ስለ ቀሚሱ ልንገራችሁ፤ ከወንድሜ ጋር አብሬው ነበርኩ። ባለሱቋ ቀሚሱን ዘረጋችው። መነን ነው፤ ጥለቱ ከደረት እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ ወርቀ ዘቦ ክር ገብቶበታል። ወንድሜ ዋጋውን ሰማና ስልኩን አውጥቶ በዶላር አካፈለው። «ምንም አይደል» አለ። «እንዲያውም ርካሽ ነው!» ባለሱቋ ያን ጊዜ በጣቷ ጥለቱን እያሻሸች ክር ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት እንደምትገዛው፣ ሸማኔው በሳምንት ስንት ጥለት እንደሚጨርስ ልትነግረው ጀምራ ነበር። አልሰማትም፤ ከፈለ። እኔ ዋጋውን ስሰማ ደግሞ የሁለት ወር ደመወዜ ነበር የታየኝ። ቀሚሱ አንድ፣ ሱቁ አንድ፣ አባታችን አንድ።

ባለፈው ክረምት ደግሞ የአክስቴ ልጅ ሚስት መጣች። ያችው ባለሱቅ፣ ያው ዓይነት መነን። በብር ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ በፓውንድ ሲካፈል ግን ከድሮው ያንሳል። «አልጨመረም እኮ» አለችኝ፤ በእንግሊዝኛ ነው ያለችኝ። ባለሱቋ አየችኝ። እኔም አየኋት። ሸማኔው ከጓሮ ሆኖ ይወረውራል፤ የመወርወሪያው ድምፅ ሱቁ ድረስ ይሰማል።

«እናንተም እኮ ትዋሹናላችሁ» ይሉናል አንዳንዴ። እውነታቸውን ነው፣ እንዋሻለን። ሰፈሩ በሙሉ ይዋሻል። ሁለት ልጆች ውጭ ያሏት እናት ለአንዱ «ኑሮው አላስቀመጠን»፣ ለሌላው «እግዜር ይመስገን፣ እየተለወጠ ነው» ካላለች አንዱ ይቆጣታል፣ ብሩም ይዘገያል። ጎረቤቴ እትዬ ስልክ ከማንሣታቸው በፊት ማን እንደደወለ ያያሉ፤ ፊታቸው እንደ ደዋዩ ይለዋወጣል። ሳል ያለው ድምፅ አላቸው፣ ሳል የሌለው ድምፅ አላቸው። ከዚያ ልጆቹ የሰሙትን ይዘው ይከራከራሉ፤ ሁለቱም «ከእናቴ አፍ ነው የሰማሁት» ይላሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም። በዚህ ዓይነት መረጃ ላይ የተመሠረተ የኢኮኖሚ ክርክር ስንት ዓመት ሊቆይ እንደሚችል አስቡት።

ደመወዝ ሲጨመር ደግሞ ሌላ ሥቃይ። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ከ1,500 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ወንድሜ ዜናውን ያነበበው እኔ ከመስማቴ በፊት ነው። «አየሽ!» ብሎ ደወለ። አከራይ ያለው ሰው እንዴት እንደሚሆን አያውቅም። የጓደኛዬ አከራይ ጭማሪው ደመወዝ መክፈያ ላይ ሳይወጣ በሩን አንኳኩቶ «መምህርት፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አላት። እሷም ገና «እንኳን ደስ ያለዎት» ስትባል ነው የደነገጠችው። ከዚያ የቀረው ታውቆ ያደረ ነው።

ላኪዎቹን አልወቅስም፤ የእናታችን የስኳር መድኃኒት ከሲልቨር ስፕሪንግ በሻንጣ ነው የሚመጣው፤ ያ ባይኖር ምን እንደምንሆን አውቃለሁ። ወንድሜ ሌሊት ፈረቃ ሠርቶ፣ መኪናው ውስጥ አሸልቦ ነው የሚልከው። የአክስቴ ልጅም መጋዘን ውስጥ ጀርባው ተሰብሯል። ለዚያ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ምስጋናውን ደግሞ በስልኩ መጀመሪያም በመጨረሻም እንሰጣለን፤ አጉድለን አናውቅም። መሀሉን ብቻ ቢያሳጥሩልን ነው። የምንዛሪው ጉዳይ የሚደርስበት ሰዓት ላይ ካርዴ ቢያልቅ ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ፤ የሚደውሉት እነሱ መሆናቸው ነው የከፋው፤ ካርድ የማያልቅበት ሰው ነው የሚከራከረኝ።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር ጥላለች። ግብሩ የሚነካው በጥሬ ገንዘብና በመሳሰለው የሚልከውን ነው፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም በአሜሪካ ባንክ ካርድ የሚላከውን አይነካም። ወንድሜ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ «ሕጋዊ ሆኛለሁ» ብሎ በባንክ ካርዱ ነው የሚልከው፤ አይመለከተውም። የአክስቴ ልጅ ያለው ለንደን ነው፤ እሱንማ ጭራሽ። ዓርብ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ስለዚህ ግብር ሁለቱም ደወሉ።